ያልታመሙትንስ ማን ጠየቃቸው?

የዚህን ወር ደብዳቤዎች አንድ ላይ አስቀምጬ ሳነብ በሽታው ይለያያል እንጂ ጥያቄው አንድ ሆኖ አገኘሁት። «ይህን ያመጣብኝ ምንድን ነው?» ነው የምትሉት። ብዙዎቻችሁ መልሱንም ራሳችሁ ጽፋችሁ ልካችኋል፤ ከእኔ የምትጠብቁት «ልክ ነው» የሚል ቃል ብቻ ነው። ሁሉንም ልክ ነው ማለት አልቻልኩም። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ጀርባ የታመመ ሰው ስላለ ግን ለምን እንዳልቻልኩ ረጋ ብዬ ላስረዳ። አምስቱን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹም ወሮቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ልጄ አንድ ዓመት ከሦስት ወሩ ነበር። ‹እማ›፣ ‹ውሃ›፣ ‹ነይ› ይል ነበር። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ተከተበ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉ፣ ስጠራውም መዞር ተወ። አሁን ኦቲዝም ነው ተብሏል። ሐኪሞቹ ክትባቱ አይደለም ይሉኛል። በዓይኔ ያየሁትን እንዴት አላየሁም ልበል? የትንሿ እህቱ መከተቢያ ደርሷል፤ ፈራሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ያየሽውን አይተሻል። ማንም «አላየሽም» ሊልሽ አይገባም። ልጅሽ ተከተበ፣ ከዚያ በኋላ ቃላቱ ጠፉ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ያላየሽው በሁለቱ መካከል የገባውን «ስለዚህ» ነው። እሱ በዓይን አይታይም። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? «ስለዚህ» የልብ ፍርድ ነው።

ልባችን «ከዚያ በኋላ» የሚለውን «በዚያ ምክንያት» ብሎ ማንበብ ይቀናዋል። ይህ ብዙ ጊዜ ይጠቅመናል። እሳት ነክቶ የተቃጠለ ሕፃን ሁለተኛ አይነካም፤ ለመማር ጥናት አላስፈለገውም። በሽታ ግን እንደ እሳት ወዲያው አያቃጥልም። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከመታየቱ በፊትም አንድ መቶ ነገር ይሆናል፤ ከመቶው ውስጥ እኛ የምናስታውሰው ደግሞ ጎላ ያለውን፣ ያስፈራንን፣ መርፌ የነበረበትን ነው።

እስቲ አንድ ወረቀት ውሰጂና ሁለት ጊዜ አጥፈሽ ዘርጊው። አራት ክፍል ይወጣዋል። በመጀመሪያው ተከትበው ኦቲዝም የታየባቸውን ልጆች ጻፊ። በሁለተኛው ተከትበው ያልታየባቸውን፣ በሦስተኛው ሳይከተቡ የታየባቸውን፣ በአራተኛው ሳይከተቡም፣ ሳይታይባቸውም የቀሩትን። ልጅሽ ያለው የመጀመሪያዋ ክፍል ውስጥ ነው። እንዳንቺ የጻፉልኝ እናቶች ልጆችም እዚያው ናቸው። የሌሎቹ ሦስት ክፍሎች እናቶች አይጽፉልኝም። ምን ብለው ይጻፉ? «ልጄ ተከተበ፣ ምንም አልሆነም» ብሎ ደብዳቤ የሚልክ የለም። የመጀመሪያዋ ክፍል ብቻ የምትሰማን ለዚህ ነው። ክትባቱ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ግን እሷ ብቻዋን ልትነግረን አትችልም፤ አራቱም መሞላት አለባቸው።

ተሞልተዋልም። በ2019 የወጣ የዴንማርክ ጥናት 657,461 ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትሏል። የተከተቡም ያልተከተቡም ነበሩበት። 6,517ቱ ላይ ኦቲዝም ታይቷል። የተከተቡት ካልተከተቡት ጋር ሲነጻጸሩ በተከተቡት ላይ አልበዛም። ፍርሃቱን በዓለም ላይ የበተነው በ1998 እንግሊዝ አገር የወጣው ጽሑፍ ግን ያየው 12 ልጆችን ብቻ ነበር። የሚነጻጸሩበት ሌላ ቡድን አልነበረም። ያወጣው መጽሔት በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፣ የጽሑፉ ዋና ጸሐፊ የሆነው ሐኪምም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል።

ታዲያ ጊዜው ለምን ገጠመ ትይኛለሽ። ይህ ክትባት በብዙ አገር የሚሰጠው ልጅ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ልጅ ቃል የሚያወጣው፣ ሲጠሩት የሚዞረው፣ በጣቱ የሚያመለክተውም በዚያው ዕድሜ ስለሆነ የኦቲዝም ምልክት ወላጅ ዓይን ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው። አንዳንድ ልጆች ደግሞ፣ ልክ እንደ ልጅሽ፣ የያዟቸውን ጥቂት ቃላት በሁለተኛው ዓመታቸው ያጣሉ። ያልተከተቡ ልጆች ላይም እንዲሁ ይሆናል።

ክትባቱ ምንም አያደርግም እያልኩሽ አይደለም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳትና ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል፤ በጣም ጥቂት ሕፃናት ላይም ከትኩሳቱ ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ ይታያል። ይህን እንዴት አወቅን? በዚያችው አራት ክፍል ባላት ወረቀት። በትኩሳቱ ጥፋተኛ ያለችውም፣ በኦቲዝሙ ነጻ ያወጣችውም እሷው ናት። አንዱን ፍርዷን ተቀብለን ሌላውን ልንጥል አንችልም።

ትንሿን አስከትቢያት። በ2015 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ታላቅ ወንድም ወይም እህት ያላቸውን ከ95,000 በላይ ልጆች ተመልክቶ፣ ታላቁ ኦቲዝም ያለበት በሆነባቸው ቤቶችም ክትባቱ የታናሹን ዕድል እንደማይጨምር አሳይቷል። ታላቁ ኦቲዝም ካለበት ታናሹ ላይ የመታየቱ ዕድል ከሌሎች ልጆች ከፍ ይላል፣ እውነት ነው፤ ግን ተከተበም አልተከተበም ነው። ስለዚህ ዕድገቷን ሐኪም ቀድሞ እንዲከታተልልሽ ጠይቂ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በደብዳቤሽ ውስጥ ሳትጽፊው አንብቤዋለሁ። ልጅሽን ይዘሽ የሄድሽው አንቺ ነሽ፣ ለዚያም ራስሽን ትከሻለሽ። አላጠፋሽም። ያደረግሽው ከኩፍኝ ማዳን ነው።

ጥያቄ፦ «አያቴ በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ እያጨሱ 91 ዓመት ኖሩ። ሲጋራ ነክታ የማታውቅ አክስቴ ደግሞ በ50 ዓመቷ በሳንባ ካንሰር ሞተች። ሲጋራ ካንሰር ያመጣል የምትሉት ታዲያ ከየት መጣ? ዓይኔን ልመን ወይስ እናንተን?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ አክስትህ አዝናለሁ። ዓይንህን እመን፤ ሁለት ሰው ብቻ ማየቱን ግን አትርሳ።

ከላይ ያለችውን ወረቀት ተመልከት። አያትህ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ናቸው፣ አጭሰው ያልታመሙ። አክስትህ ሦስተኛው ውስጥ ናት፣ ሳታጨስ የታመመች። እነዚህ ሁለት ክፍሎች ባዶ ሆነው አያውቁም። «ያመጣል» ስንል «ያጨሰ ሁሉ ይታመማል፣ ያላጨሰ አይታመምም» ማለታችን አይደለም። ቲቢን ውሰድ። ባክቴሪያው ከሌለ ቲቢ የለም። ሆኖም ከዓለም ሕዝብ ሩብ የሚሆነው ባክቴሪያው ሰውነቱ ውስጥ ገብቶ ያውቃል ተብሎ ይገመታል፤ ከእነዚህ ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ናቸው። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም። የሰውነት አቅም፣ ዕድሜ፣ ሌላ በሽታ፣ ምግብ፣ ሁሉም እንጨት ያቀብላሉ። የሳንባ ካንሰርም እንዲሁ ነው። የሌላ ሰው ጭስ፣ የተበከለ አየር፣ ከመሬት የሚወጣው ራዶን የተባለ ጋዝ፣ ሁሉም አሉበት። አክስትህ ያላጨሰችውን ሲጋራ ነጻ አታወጣውም።

የአያትህ ነገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው፣ እሱን በደንብ እንድታስብበት እፈልጋለሁ። እያጨሱ 91 ዓመት የኖሩ አያት በየሰፈሩ ይታወቃሉ፣ ስማቸው ይጠራል፣ ምሳሌ ይሆናሉ። እያጨሱ በ55 ዓመታቸው የሞቱትንስ ማን ያነሳቸዋል? የልጅ ልጆቻቸው አላወቋቸውም። እኛ የምንቆጥረው የቀሩትን ነው፤ የሄዱት ለመቆጠር እዚህ የሉም።

የሄዱትንም የቆጠረ አለ። ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1951 እንግሊዝ አገር ሐኪሞችን ራሳቸውን «ታጨሳላችሁ ወይ?» ብለው ጠየቁ፣ ከዚያ ዝም ብለው ተከታተሏቸው። ከ34,000 በላይ ወንድ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት። ሲጋራ ሳይተዉ የኖሩት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ገደማ ቀድመው ሞቱ። በ30 ዓመታቸው የተዉት ያንን 10 ዓመት ሙሉውን ማለት ይቻላል መልሰው አገኙት፤ በ50 ዓመታቸው የተዉት 6 ዓመት ያህል።

በወቅቱ የተቃወማቸው ተራ ሰው አልነበረም። ሮናልድ ፊሸር፣ የዘመናዊ ስታቲስቲክስ አባት ከሚባሉት አንዱ፣ «ምናልባት ሰውን ለማጨስም ለካንሰርም የሚያጋልጥ አንድ የዘር ባሕርይ ይኖር ይሆናል» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ሲሄዱ ከጀርባ ሦስተኛ ነገር ሊኖር ይችላል፣ ሁልጊዜ መጠየቅ አለበት። ፊሸር የትምባሆ አምራቾች አማካሪ ነበር፣ ብዙዎችም ያንን አንስተው ሊያጣጥሉት ሞክረዋል። እኔ ግን ይህ መልስ ነው ብዬ አላምንም። ጥቅም ያለው ሰውም እውነት ሊናገር ይችላል። መልሱ የመጣው ከቁጥሩ ነው፤ ብዙ ያጨሰ ይበልጥ ይታመማል፣ ያቆመ ሰው ደግሞ ዓመታት ባለፉ ቁጥር አደጋው ይቀንስለታል። ሲጋራ በማቆም የዘር ባሕርይ አይለወጥም።

ጥያቄ፦ «ለ20 ዓመት ማይግሬን ያሠቃየኛል። ባለፈው ዓመት እጅግ ብሶብኝ መቆም ሲያቅተኝ አንድ ዘመዴ ያመጣልኝን የዕፅዋት መድኃኒት ወሰድኩ። በሳምንቱ ተሻለኝ። ኬሚካል የለበትም፣ ከተፈጥሮ የተገኘ ነው። ለሰው ሁሉ ብናገር ምን ይለኛል?»

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ተሻለዎት። ከመናገርዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መድኃኒቱን የወሰዱት መቼ ነው? ሕመሙ ከመቼውም በላይ በባሰ ጊዜ ነው ብለውኛል። ማይግሬን ደግሞ ይመጣል፣ ይሄዳል። የባሰ ሳምንት ቀጥሎ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ነው፣ ምንም ባይወሰድም። መድኃኒት የምንፈልገው ሕመሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከጫፍ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ያኔ የወሰድነው ነገር ሁሉ ያዳነን ይመስለናል።

እኔም በወገብ ሕመም እንዲሁ ሆኛለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቅባት እቀባ ነበር፣ የማልንቀሳቀስበት ደረጃ ስደርስ ብቻ፤ ሁልጊዜም በሦስትና በአራት ቀን ይሻለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ቅባቱ አልቆብኝ ሳልቀባ ቀረሁ። በአራተኛው ቀን ተነሳሁ። ለስንት ሰው ቅባቱን እንዳዘዝኩ ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ከእነሱ አንዷ በቅባቱ ተማምና ሐኪም ጋ ሳትሄድ ወራት አሳልፋለች።

«ከተፈጥሮ ነው» የሚለውን እባክዎ ይተዉት። ትምባሆም ቅጠል ነው። የካሮትን ቀለም የሚሰጠው ቤታ ካሮቲንም ከተፈጥሮ ነው። አትክልት የሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ የሳንባ ካንሰር ያነሰ ስለነበር ያዳናቸው እሱ ነው ተብሎ ታሰበ። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶችን በዕጣ ከፋፍለው ለአንዳንዶቹ ይህን እንክብል ሰጡ፣ ለሌሎቹ ምንም የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል። በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ቤታ ካሮቲኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰሩ በ18 በመቶ በዝቶ ተገኘ። አትክልት የሚያዘወትር ሰው በሌላም ነገር ይለያል፤ ሌላም ነገር ይበላል፣ አኗኗሩም ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ አንዱን መዘው እሱን ምክንያት አደረጉት።

ማስታወሻ ደብተር ይያዙ። በየቀኑ አሞኛል፣ አላመመኝም፣ ወስጃለሁ፣ አልወሰድኩም ብለው ለሦስት ወር ይጻፉ። መድኃኒቱንም ለሐኪምዎ ያሳዩ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር የሚጋጭ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ «ስንት ዓመት ሙሉ የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀት ነው ሲባል ኖረ። አሁን ባክቴሪያ ነው ይባላል። ያገኘውን ሐኪም ደግሞ መጀመሪያ ማንም እንዳልሰማው ሰማሁ። እንግዲህ ዛሬ ሐኪሞች የሚስቁበት ሐሳብም ነገ ልክ ሊሆን ነው ማለት ነው። ለምን አምናቸዋለሁ?»

መልስ፦ ሁለት ሰዎችን ላስተዋውቅህ። ሁለቱም ባክቴሪያ ጠጥተዋል።

የመጀመሪያው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ነው። ጀርመን፣ ሙኒክ ውስጥ በጣም የተከበረ የጤና ሊቅ። ኮሌራ በባክቴሪያው ብቻ ይመጣል የሚለውን አላመነም። በጥቅምት 1892፣ በ73 ዓመቱ፣ የኮሌራ ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ ጠጣ። ትንሽ ተቅማጥ ያዘው እንጂ አልሞተም፤ ይህንንም ለሐሳቡ ማስረጃ አድርጎ ወሰደው። ሁለተኛው አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል ነው። እሱና ሮቢን ዋረን የጨጓራ ሕሙማን ላይ አንድ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ደጋግመው አዩ። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ጠጣ፣ በቀናት ውስጥ ማስታወክ ጀመረ፣ ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ።

ሁለቱም ደፋሮች ናቸው። ሁለቱም ከብዙኃኑ ተቃራኒ ቆመዋል። አንዱ ተሳስቷል፣ አንዱ ልክ ነው። ድፍረትም፣ መናቅም፣ የራስን ሰውነት ለአደጋ መስጠትም ማን ልክ እንደሆነ አልነገረንም። አንድ ሰው ጠጥቶ አለመታመሙ እንደ አያቱ ሲጋራ ነው፣ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ስም። በዚያው በ1892 የኤልባን ወንዝ ውሃ ሳታጣራ የምታከፋፍለው የጀርመን ከተማ ሃምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰው በኮሌራ አጣች። ከእሷ ጋር ድንበር የምትጋራው አልቶና ከዚያው ወንዝ ነበር የምትጠጣው፣ ግን ታጣራ ነበር፤ የሞቱባት ጥቂቶች ናቸው። አንዱ ሰው ያለው ሳይሆን ይህ ንጽጽር ነው የሚያሳምነው።

ማርሻልም ቢሆን ያሳመነን ስለጠጣ አይደለም። እሱ ላይ የታየው የጨጓራ መቆጣት እንጂ ቁስለት አልነበረም። በ1988 ባወጡት ሙከራ ቁስለት ያለባቸውን 100 ሰዎች በዕጣ ከፋፍለው አከሙ፤ ባክቴሪያው የጠፋላቸው አብዛኞቹ ዳኑ፣ ቁስሉም እንደሌሎቹ ቶሎ ቶሎ አልተመለሰባቸውም። ሌሎችም ደግመው ሲሠሩት እንዲሁ ሆነ። ለዚህ ነው ሐኪሞች ሐሳባቸውን የለወጡት፣ በ2005 የኖቤል ሽልማቱም የመጣው። ባክቴሪያው ያለበት ሁሉ ቁስለት አይይዘውም፣ እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ለብቻቸው ቁስለት ያመጣሉ።

በቪየና «እጃችሁን ታጠቡ» ብሎ የተገፋውን ሐኪም ኢግናዝ ሴመልዋይስን ብዙ ሰው ያነሳዋል። እሱም ልክ የሆነው ስለተገፋ አይደለም። በሚያዝያ 1847 እሱ በሚሠራበት የማዋለጃ ክፍል ከሚወልዱት እናቶች 18 በመቶ ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ ሐኪሞቹ እጃቸውን በክሎሪን መታጠብ ከጀመሩ በኋላ በሰኔ ወደ 2 በመቶ ወረደ። ቁጥሩ እጁ ላይ ነበረ። የተናቁ ሐሳቦች ሁሉ አንድ ላይ ቢቆጠሩ አብዛኞቹ የተናቁት ስህተት ስለሆኑ ነው፤ ስማቸውን ግን አናውቅም። እንግዲህ ዛሬ አንድ ሰው «ሐኪሞች አይሰሙኝም» ሲልህ፣ ቀጥለህ «ምን ይዘሃል?» በለው።

ጥያቄ፦ «በመንገዳችን ላይ የስልክ ማማ ከቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ሰው በካንሰር ታሟል። አንዷ ቀድሞም ታማ ነበር፣ ግን ባሰባት። አንዱ ደግሞ ሁለት መንገድ አልፎ ነው የሚኖረው። አምስት ሰው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል?»

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ግን ጥያቄህን አላጣጥለውም፣ ምክንያቱም አንዳንዴ እንዳንተ ያለ ሰው ነው መጀመሪያ የሚያየው።

በዓለም ላይ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ ካንሰር ይይዘዋል። ብዙ ሰው በሚኖርበት መንገድ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ካሉበት፣ በሦስት ዓመት አምስት ሰው መታመሙ ልብ ይሰብራል እንጂ ብርቅ አይደለም። ካንሰር አንድ በሽታ እንዳልሆነም አስታውስ። የጡት፣ የደም፣ የፕሮስቴት፣ የአንጀት፣ ምክንያታቸው ይለያያል። ብዙዎቹ ከምክንያቱ እስከ መታየታቸው ዓመታት፣ አንዳንዴም አሥርት ዓመታት ይፈጃሉ፤ ሦስት ዓመት ለአብዛኞቹ አጭር ነው። ከማማው የሚወጣው የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ እንደ ራጅ ጨረር የሴልን ዘር ለመስበር የሚበቃ ጉልበት የለውም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ አትቀየመኝ። ማማው ከመቆሙ በፊት የታመመችውን ሴት ቆጥረሃል። ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖረውንም ቆጥረሃል። ግድግዳ ላይ በዘፈቀደ ተኩሶ ጥይቶቹ የበዙበትን ቦታ ፈልጎ ዒላማ የሚስል ሰው ሁልጊዜ አነጣጣሪ ይመስላል። አንተም መጀመሪያ የታመሙትን አገኘህ፣ ከዚያ ክቡን እነሱን እንዲይዝ አድርገህ ሳልከው። ያዘነ ሰው ያደርገዋል፣ ሆን ብሎ አይደለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ አንድ ውሃ ዘንድ ልውሰድህ። ነሐሴ 1854 መጨረሻ ላይ ለንደን፣ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ ዙሪያ ኮሌራ ገባ። በአሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ሞተ። ያኔ ብዙ ሐኪም በሽታው ከመጥፎ አየር ይመጣል ብሎ ያምን ነበር፣ ማስረጃም ነበረው። ዊልያም ፋር የተባለ ጎበዝ የመዝገብ ባለሙያ ቀደም ሲል በነበረው ወረርሽኝ ቤቶች ከቴምዝ ወንዝ ከፍ እያሉ ሲሄዱ ሞቱም እንደሚቀንስ በቁጥር አሳይቷል። ቆላው መጥፎ አየር አለበት፣ ስለዚህ አየሩ ነው። ቁጥሩ ልክ ነበር። ከጀርባው ያለው ሦስተኛ ነገር ግን የሚጠጡት ውሃ ነበር፤ ዝቅ ያሉት ሰፈሮች ውሃቸው ይበልጥ የቆሸሸ ነበር።

ሐኪሙ ጆን ስኖው የመንገዱን የውሃ ፓምፕ ጠረጠረ። እኔ የምወድለት የሞቱትን መቁጠሩን ብቻ አይደለም። ያልሞቱት ጋም ሄደ። ከፓምፑ አጠገብ ከ70 በላይ ሠራተኛ ያለው የቢራ ፋብሪካ ነበር፤ ከእነሱ በኮሌራ የሞተ የለም። ለምን? ቢራ ይሰጣቸዋል፣ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ አለው። አቅራቢያው 535 ሰው የሚኖርበት የድሆች መኖሪያ ነበረ፤ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። እሱም የራሱ ጉድጓድ አለው። ሁሉም ግን ያንኑ አየር ይተነፍሱ ነበር። ከዚያ ሩቅ የምትኖር አንዲት መበለት ደግሞ ሞታ ተገኘች። የዚያን ፓምፕ ውሃ ስለምትወድ በየቀኑ ታስመጣ ነበር።

ፓምፑ እጀታው የተነቀለው መስከረም 8 ነው። ወረርሽኙም አበቃ ብለው ብዙዎች ይተርካሉ። ስኖው ራሱ ግን ከዚያ ቀን በፊት ሞቱ እየቀነሰ እንደነበረ፣ ሰውም ሸሽቶ እንደነበረ ጽፏል። የራሱን ሐሳብ የሚደግፍለትን «ከዚያ በኋላ፣ ስለዚህ» አልተቀበለውም። ይህን ሳስብ ለሰውየው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ሄንሪ ዋይትሄድ የተባለ የሰፈሩ ቄስ ደግሞ ስኖውን አላመነውም፣ ሊያፈርሰው ተነሳ። ሰፈሩን ስለሚያውቅ ቤት ለቤት ዞረ፤ የታመመውንም ያልታመመውንም «ከፓምፑ ጠጥተህ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ከጠጡት 137 ሰዎች 80ው ታመው ነበር። ካልጠጡት 297 ሰዎች የታመሙት 20 ናቸው። ያችን ወረቀት አጥፈህ ቁጥሮቹን ጻፍባት፤ አራቱም ክፍል ሞልቷል። ጠጥተው ያልታመሙ 57 አሉ፣ ሳይጠጡ የታመሙ 20 አሉ። ሆኖም ልዩነቱ ይጮኻል። ሊያፈርስ የሄደው ቄስ አምኖ ተመለሰ።

እንግዲህ ለመንገድህ ይህን አድርግ። ለእያንዳንዱ ታማሚ የካንሰሩን ዓይነት፣ ዕድሜውን፣ የታወቀበትን ዓመት፣ በመንገዱ ላይ ስንት ዓመት እንደኖረና ምን ሲሠራ እንደኖረ ፈቅደው ከነገሩህ ጻፍ። አምስቱም አንድ ዓይነት፣ በተለይም ብዙ ጊዜ የማይታይ ዓይነት ከሆነ፣ ሳትውል ሳታድር ለጤና ቢሮ አሳውቅ። በ1960 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሜሶቴልዮማ የተባለ ብርቅ ካንሰር የያዛቸው 33 ሰዎች ተመዝግበው፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም አስቤስቶስ ከተባለው ቃጫ መሰል ማዕድን ጋር ግንኙነት እንደነበራቸው ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። ዓይነታቸው የተለያየ ከሆነ ግን ማማ በሌለበት፣ የሰው ብዛቱና ዕድሜው ከመንገድህ ጋር በሚቀራረብ ሌላ መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደታመመ ጠይቅ።

ዝርዝሩን ስትጨርስ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ማማው ከመቆሙ በፊት የታመመችውን ሴት ለብቻዋ ጻፋት።